ኮሌጅ ካፕ፦ ሕግ የወለደው ዋንጫ

በአሜሪካ የሴቶች እግር ኳስ ውስጥ ከፕሮፌሽናል ሊጎቹ ሁሉ የሚቀድም፣ ከሴቶች ዓለም ዋንጫም በዘጠኝ ዓመት የሚበልጥ አንድ ውድድር አለ። ኤንሲኤኤ የተባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ከ1982 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የዲቪዚዮን አንድ የሴቶች ሻምፒዮና ነው። የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ከነሐሴ ጀምረው በየምድባቸው (በየኮንፈረንሳቸው) ይጫወታሉ። ከዚያ 64ቱ ለጥሎ ማለፍ ይመረጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በአንድ ከተማ ተገናኝተው ሻምፒዮኑ ይለያል። ይህ የማሳረጊያ ምዕራፍ ኮሌጅ ካፕ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ውድድሩ የሚደረገው ክርክር አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የትምህርት ነው፦ ይህ የተማሪዎች ውድድር ነው ወይስ የባለሙያዎች? ሁለተኛው የእግር ኳስ ነው፦ ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የሚያፈራው ከሌላው ዓለም የክለብ አካዳሚ ጋር ሲነጻጸር በተሻለ መንገድ ነው ወይስ በከፋ? ሦስተኛው የእኩልነት ነው፦ የሴቶችን መብት በስፖርት ያስከበረው ሕግ ውጤቱ እዚህ ምን ያህል ታየ? አብዛኛው ውዝግብ የሚነሣው አንዱ ተከራካሪ ስለ አንደኛው ጥያቄ ሲናገር ሌላው ስለ ሦስተኛው ስለሚመልስለት ነው። የዚህ ዳሰሳ አቋም ግልጽ ነው፦ ውድድሩን የፈጠረው እግር ኳስ ሳይሆን የትምህርት ሕግ ነው፤ ጥንካሬውም ዛሬ የገጠመው ችግርም የሚቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው።

ሕጉ፣ ማኅበሩ፣ ዋንጫው

ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በሰኔ 1972 የፈረሙት ታይትል ናይን የተባለ ሕግ ስለ ስፖርት አንድም ቃል አይናገርም። የሚለው የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ማንም ሰው በጾታው ምክንያት እንዳይገለል ወይም እንዳይበደል ብቻ ነው። ስፖርት ወደ ሕጉ የገባው በ1975 በወጣው ደንብ ነው። በ1979 የወጣው ማብራሪያ ደግሞ አንድ ኮሌጅ ሕጉን ማክበሩን የሚያሳይባቸውን ሦስት አማራጮች አስቀመጠ፦ የሴት ስፖርተኞቹ ድርሻ ከሴት ተማሪዎቹ ድርሻ ጋር መመጣጠኑ፤ ወይም ለሴቶች የሚሰጠውን ዕድል ሳያቋርጥ ሲያሰፋ መቆየቱ፤ ወይም የሴት ተማሪዎቹን ፍላጎት በተሟላ ሁኔታ ማስተናገዱ።

እግር ኳስን ከሌሎች ስፖርቶች ነጥሎ የጠቀመው የመጀመሪያው አማራጭ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 85 ስኮላርሺፕ ይወስድ ነበር፤ በሴቶች በኩል ግን እሱን የሚያህል ስፖርት የለም። ቁጥሩን ለማመጣጠን ብዙ ተጫዋች የሚይዝ፣ ወጪው የማይከብድ የሴቶች ቡድን አስፈለገ። እግር ኳስ ከ25 በላይ ተማሪ ያሰልፋል፤ የሚጠይቀው ሜዳና ኳስ ነው። በ1980ዎቹ መባቻ በኤንሲኤኤ አባል ኮሌጆች ውስጥ የነበሩት የሴቶች እግር ኳስ ቡድኖች 80 ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ በሦስቱም ዲቪዚዮኖች ከ1,000 በላይ ናቸው።

ይህን ዕድገት ሁሉ ለሕጉ መስጠት ተገቢ መሆኑ ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዱ ወገን ሕጉ ባይኖር ኮሌጆች ገንዘቡን አያወጡም ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ፍላጎቱ ቀድሞ እንደነበር ያስታውሳል፤ በ1970ዎቹ የሕፃናትና የታዳጊዎች እግር ኳስ በመኖሪያ ሰፈሮች እየተስፋፋ ነበር፤ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲም በራሳቸው ተነሳሽነት ክለብ ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ቡድንነት እንዲያድግላቸው የጠየቁት ሴት ተማሪዎቹ ናቸው። ማስረጃዎቹ የሚያሳዩት ሁለቱ ተደጋጋፊ መሆናቸውን ነው። ፍላጎቱ ያለ ሕጉ በክለብ ደረጃ ይቀር ነበር፤ ሕጉም ያለ ፍላጎቱ የሚያሰልፈው ተጫዋች አያገኝም ነበር።

ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚታለፈው የታሪኩ ክፍል ግን የማኅበራቱ ፍልሚያ ነው። ከኤንሲኤኤ በፊት የሴት ተማሪዎችን ስፖርት ይመራ የነበረው በ1971 የተቋቋመው ኤአይኤደብልዩ የተባለ ማኅበር ነው። መሪዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የስፖርት መምህራን። ተማሪነትን ከተጫዋችነት ያስቀድሙ ስለነበር መጀመሪያ ላይ የስፖርት ስኮላርሺፕን እንኳ ከልክለው ነበር፤ ይህን ክልከላ በ1973 በክስ ምክንያት ተዉት። ኤንሲኤኤ በበኩሉ በ1970ዎቹ የታይትል ናይንን በስፖርት ላይ ተፈጻሚነት ሲቃወምና በፍርድ ቤት ሲሟገት የኖረ ድርጅት ነው። ሕጉን ማስቀረት ሳይችል ሲቀር ራሱ የሴቶች ሻምፒዮና ማዘጋጀት ጀመረ። በኤአይኤደብልዩ ስም የተካሄደው ይፋዊ የእግር ኳስ ሻምፒዮና የ1981ዱ ብቻ ነው፤ ሰሜን ካሮላይና ሴንትራል ፍሎሪዳን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት በኤንሲኤኤ የመጀመሪያ ሻምፒዮና 12 ቡድኖች ተሳተፉ፤ ሁለቱ ቡድኖች በኦርላንዶ በድጋሚ ተገናኙና ሰሜን ካሮላይና 2 ለ 0 አሸነፈ። ኤአይኤደብልዩ ኤንሲኤኤን በገበያ ጠቅላይነት ከሶ ተረታ፤ ያን ጊዜም ፈረሰ።

ስለዚህ ርክክብ የሚነገሩት ሁለት ታሪኮች ዛሬም አልታረቁም። በአንደኛው ኤንሲኤኤ የጉዞ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ፣ የቴሌቪዥን ዕድልና ስም አመጣ። በሁለተኛው ሴቶች በራሳቸው ስፖርት ላይ የነበራቸውን ሥልጣን አጡ። ሁለተኛውን የሚደግፍ ጠንካራ ቁጥር አለ፦ በ1972 የሴቶች ቡድኖችን ከሚያሠለጥኑት ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ፤ በ2014 ይህ ድርሻ ወደ 43 በመቶ ወርዶ ነበር። በኮሌጅ ካፕም ውጤቱ ጎልቶ ይታያል። ከ1982 እስከ 2024 ከተሰጡት 43 ዋንጫዎች በሴት አሠልጣኝ የተነሡት አራት ብቻ ናቸው፦ በ1998 ቤኪ በርሊ በፍሎሪዳ፣ በ2013 አማንዳ ክሮምዌል በዩሲኤልኤ፣ በ2015 ኤሪካ ዋልሽ በፔን ስቴት፣ በ2022 ማርጌሪት አኦዛሳ በዩሲኤልኤ። አኦዛሳ ያሸነፈችው ዋና አሠልጣኝ በሆነች በመጀመሪያው ዓመቷ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ከ2013 ወዲህ መሆናቸው ለውጥ እንዳለ ያሳያል። ሆኖም የርክክቡን ውጤት ከገንዘቡ ውጤት መለየት አይቻልም፤ ሕጉ ለሴቶች ቡድን ደመወዝ ሲያስገኝ ሥራው ወንድ አሠልጣኞችንም መሳብ ጀምሮ ነበርና።

ሰሜን ካሮላይና ለምን ገነነ?

ከ1982 እስከ 2000 ከተካሄዱት 19 ሻምፒዮናዎች ሰሜን ካሮላይና 16ቱን ወሰደ። በዚያ ዘመን ከእጁ ያመለጡት ሦስት ብቻ ናቸው፦ የ1985ቱ ለጆርጅ ሜሰን፣ የ1995ቱ ለኖትር ዳም፣ የ1998ቱ ለፍሎሪዳ። ከ1986 እስከ 1994 ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። በ1992 ፍጻሜ ዱክን 9 ለ 1 ረታ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 92 ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ ጉዞው የተቋረጠው በ1994 ከኖትር ዳም ጋር 0 ለ 0 ሲለያይ ነው። በየትኛውም የኮሌጅ ስፖርት እንዲህ ያለ የበላይነት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ለምን የሚለው ጥያቄ ከጉጉት ያለፈ ነው፤ መልሱ ሻምፒዮናው ራሱ ምን ያህል የእውነተኛ ውድድር መለኪያ እንደነበር ይወስናል።

የመጀመሪያው ማብራሪያ ቀድሞ መጀመር ነው። አንሰን ዶራንስ ቡድኑን በ1979 ሲያቋቁሙ ለሴቶች እግር ኳስ ስኮላርሺፕና ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ነበሩ። የአገሪቱ ምርጥ ታዳጊ የምትሄድበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። ይህ ማብራሪያ የ1980ዎቹን ውጤት ያስረዳል፤ ነገር ግን ተፎካካሪዎቹ ከተስፋፉ በኋላ የመጣውን የ2003ቱን ቡድን አያስረዳም። ያ ቡድን 27 ጨዋታ ተጫውቶ 27ቱንም አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ኮነቲከትን 6 ለ 0 ደቆሰ።

ሁለተኛው ማብራሪያ የሜዳ ጥቅም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፍጻሜ ጨዋታዎች በተደጋጋሚ የተካሄዱት ሰሜን ካሮላይና በሚገኝበት በቻፕል ሂል ነበር። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ጆርጅ ሜሰንም በ1985 ያሸነፈው በራሱ ከተማ ነበር። ሆኖም ሰሜን ካሮላይና በ1994 ፖርትላንድ ሄዶ ኖትር ዳምን 5 ለ 0 አሸነፈ፤ በ1995 ደግሞ እቤቱ በቻፕል ሂል በግማሽ ፍጻሜ ተሸነፈ። ሜዳው ረዳው እንጂ ዋንጫውን አልሰጠውም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነው፣ የልምምድ ሥርዓቱ ነው። ዶራንስ ከዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ከዲን ስሚዝ ወስደው በልምምድ የሚደረገውን ሁሉ አስመዘገቡ፤ እያንዳንዷ ተጫዋች በፍጥነት፣ በአንድ ለአንድ ፍልሚያ፣ በግብ ማግባት ስንተኛ እንደሆነች በግልጽ ይለጠፍ ነበር። በጨዋታ ላይ ደግሞ የኮሌጁ ሕግ የሚፈቅደውን ሰፊ የተጫዋች ቅያሪ በመጠቀም ተቃራኒ ቡድንን በከፍተኛ ጫና ያደክሙ ነበር። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያለ ዕረፍት የሚጫን ቡድን ለመቋቋም ተቃራኒው የግድ ሌላ አሥር ብቁ ተጫዋች ተጠባባቂ ያስፈልገው ነበር፤ በዚያ ዘመን ያን ያህል ያለው አልነበረም።

አራተኛው ማብራሪያ ብዙም አይነገርም፤ ይሁን እንጂ ክብደት አለው። ዶራንስ ከ1986 እስከ 1994 የአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝም ነበሩ። ቻይና ላይ በ1991 የመጀመሪያውን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ያነሣው ቡድን ግማሽ ያህሉ በሰሜን ካሮላይና የተጫወቱ ነበሩ። ለአንዲት የ17 ዓመት ታዳጊ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚያደርሰው መንገድ በቻፕል ሂል በኩል የሚያልፍ ይመስላት ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ኮሌጁን ጠቀመው ወይስ ኮሌጁ ብሔራዊ ቡድኑን? ሁለቱም እኩል እውነት ስለሆኑ ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ይህ ታሪክ ሌላ ገጽታም አለው፤ ሳይነገር መታለፍ አይገባውም። በ1998 ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾች አሠልጣኙ ስለ ተጫዋቾች የግል ሕይወትና ግንኙነት ባነሡት ተገቢ ያልሆነ ንግግር ተበድለናል ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት ተዘጋ፤ የአንደኛዋ በ2004፣ የሌላኛዋ በ2008። ዶራንስ ሥራቸውን እስከ 2024 ቀጠሉ፤ እስከዚያም 21 የኤንሲኤኤ ዋንጫ አንሥተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ በዚያው ዓመት በጊዜያዊ አሠልጣኝነት የተተኩት ዴመን ነሃስ ዌክ ፎረስትን 1 ለ 0 ረትተው 22ኛውን ጨመሩ። የአንድ ሰው ሥልጣን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለ45 ዓመት ሲዘልቅ ተጫዋች ቅሬታዋን ለማን ትናገራለች የሚለው ጥያቄ ከውጤቱ ተነጥሎ መታየት አለበት። ዋንጫው ለጥያቄው መልስ አይሆንም።

ፉክክሩ ሰፋ፣ ግን ምን ያህል?

ከ2001 ጀምሮ ተሳታፊው 64 ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2024 በተካሄዱት 24 ሻምፒዮናዎች ሰሜን ካሮላይና ያሸነፈው ስድስቱን ብቻ ነው። የቀሩት 18 ለሌሎች ተከፋፈሉ፦ ፍሎሪዳ ስቴት አራት፣ ስታንፎርድ ሦስት፣ ሳንታ ክላራ፣ ፖርትላንድ፣ ኖትር ዳም፣ ደቡብ ካሊፎርኒያና ዩሲኤልኤ ሁለት ሁለት፣ ፔን ስቴት አንድ። ይህን አይተው ብዙዎች የአንድ ቡድን ዘመን አብቅቶ እኩልነት ነገሠ ብለው ይደመድማሉ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መለየት አለባቸው። የአንድ ቡድን የበላይነት ማብቃት አንድ ነገር ነው፤ ዋንጫው ለብዙዎች መከፈቱ ሌላ። በ24 ዓመት ውስጥ ሻምፒዮን የሆኑት ዘጠኝ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ናቸው። ከ330 በላይ የዲቪዚዮን አንድ ቡድኖች ባሉበት አገር ይህ ጠባብ በር ነው። ሰሜን ካሮላይና ብቻውን ይዞት የነበረውን አሁን ጥቂት ባለጸጋ ተቋማት ተካፍለው ያዙት ማለት ከእውነት አይርቅም።

ለዚህ ፍርድ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች አሉ፤ ሁለቱም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተመሠረቱ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሌላቸው ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ፖርትላንድ በክላይቭ ቻርልስ አሠልጣኝነት በ2002 ሳንታ ክላራን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ የማሸነፊያውን ግብ በጭማሪ ሰዓት ያስቆጠረችው በኋላ በዓለም አቀፍ ጨዋታ በ190 ግብ ክብረ ወሰን የያዘችው ካናዳዊቷ ክሪስቲን ሲንክሌር ነበረች። ሳንታ ክላራ በ2001 ሰሜን ካሮላይናን 1 ለ 0፣ በ2020ው ውድድር ደግሞ ፍሎሪዳ ስቴትን በመለያ ምት ረታ። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ይህኛው በ48 ቡድኖች ብቻ በ2021 ጸደይ የተካሄደ ነው። ሁለቱ ተቋማት ያረጋገጡት የፉትቦል ገንዘብ ሳይኖር በአንድ ጥሩ አሠልጣኝና በክልሉ በበቀሉ ተጫዋቾች ማሸነፍ ይቻል እንደነበር ነው። ይቻል ነበር ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ በ2024 ግማሽ ፍጻሜ የደረሱት ሰሜን ካሮላይና፣ ዱክ፣ ዌክ ፎረስትና ስታንፎርድ አራቱም የአንድ ኮንፈረንስ አባላት ነበሩ። ስታንፎርድ ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ አባል የሆነው እግር ኳስ ስለጠየቀው አይደለም፤ የፉትቦል የቴሌቪዥን ውል የምዕራቡን ኮንፈረንስ ስለበተነው ነው።

ደንቡና አመራረጡ

የኮሌጅ እግር ኳስ ከፊፋ ሕግ በብዙ ነገር ይለያል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ዳኛውም ሊያስቆመው ይችላል። በሁለተኛው አጋማሽ የወጣች ተጫዋች አንድ ጊዜ ተመልሳ መግባት ትችላለች። እስከ 2021 ድረስ በጭማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ ወዲያውኑ ያሸንፍ ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ ግን በጥሎ ማለፉ ሁለት የአሥር ደቂቃ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ይጫወቱና እኩል ከሆኑ ወደ መለያ ምት ይሄዳሉ። ያን ዓመት ፍጻሜ ዩሲኤልኤ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ አቻ ሆኖ በጭማሪው ሰሜን ካሮላይናን 3 ለ 2 ረታ።

ከዚህ ይልቅ ከባዱ ክርክር የጊዜ ሰሌዳው ነው። ወቅቱ ከሦስት ወር ትንሽ የሚበልጥ ስለሆነ ብዙ ቡድኖች በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጫወታሉ። ተቺዎች ይህ ሰውነትን ያደክማል፣ ቴክኒክን ያሳጣል፣ ብዙ ቅያሪ የሚፈቀደውም ለዚህ ነው ይላሉ፤ ወቅቱ በሁለቱም ሴሚስተር እንዲከፋፈል ይጠይቃሉ። ተከላካዮች ደግሞ ተማሪዋ ሁለተኛውን ሴሚስተር ለትምህርት የምታውለው በዚህ ሰሌዳ ምክንያት ነው ይላሉ። ጥያቄው የትምህርት ሲሆን አጭሩ ሰሌዳ ያሸንፋል፤ የእግር ኳስ ሲሆን ረጅሙ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የመዘነ ጥናት እስካልቀረበ ድረስ ውሳኔው የእሴት ምርጫ ሆኖ ይቆያል።

በአመራረጥ በኩል የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች በቀጥታ ይገባሉ፤ ቀሪዎቹን ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ከሚመለከታቸው መለኪያዎች አንዱ የቡድኑን የማሸነፍ መቶኛ ከተጋጣሚዎቹና ከተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች መቶኛ ጋር የሚደምር ቀመር ነው። ጠንካራ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ቡድን ቢሸነፍ እንኳ በዚህ ይጠቀማል። በሌላ በኩል ደረጃ ያልተሰጣቸው ቡድኖች የሚደለደሉት የጉዞ ወጪ ለመቀነስ በቅርበት ነው፤ እስከ 400 ማይል፣ ማለትም 640 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለው ርቀት በአውቶቡስ ይኬዳል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ ያሉ ጠንካራ ቡድኖች ቀድመው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በወንዶች ቅርጫት ኳስ ይህን ያህል ቁጠባ አይታይም፤ ልዩነቱ የሚመነጨው ማኅበሩ ለየትኛው ውድድር ገንዘብ እንደሚያወጣ ከመወሰኑ ነው።

የብሔራዊ ቡድን መፍለቂያ ወይስ መዘግያ?

በ2023 የዓለም ዋንጫ አሜሪካ በስዊድን በመለያ ምት ተሸንፋ ገና በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ስትወጣ፣ የፍጻሜው ተጋጣሚዎች ደግሞ ተጫዋቾቻቸውን በክለብ አካዳሚ ያሳደጉት ስፔንና እንግሊዝ ሲሆኑ፣ የኮሌጁ ሥርዓት ጊዜ አልፎበታል የሚለው ድምፅ በረታ። ነጥቡ ተገቢ ነው፦ ባርሴሎና ወይም ሊዮን ያለች የ19 ዓመት ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ከባለሙያ ጋር ትለማመዳለች። ሊንዚ ሆራን በ2012 ሰሜን ካሮላይናን ትታ ፓሪስ ሄደች፤ ማሎሪ ፒዩ በ2017 ዩሲኤልኤን አንድ ይፋዊ ጨዋታ እንኳ ሳትጫወትለት ለቃ ፕሮፌሽናል ሆነች። ትሪኒቲ ሮድማን በወረርሽኙ ምክንያት የኮሌጅ ጨዋታ ሳታደርግ በ2021 ዋሽንግተን ስፒሪትን ተቀላቀለች። የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበትን ድራፍት በ2024 ሲያስቀር ደግሞ ታዳጊዎች ከፈለጉት ክለብ ጋር በቀጥታ የሚዋዋሉበት መንገድ ሰፋ።

ተቃራኒው ማስረጃ ግን እኩል ጠንካራ ነው። በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቅ ያገኘው የአሜሪካ ቡድን አብዛኛው የኮሌጅ ፍሬ ነው። በ2021 ቶኪዮ ላይ ወርቅ የወሰደችው ካናዳም ጄሲ ፍሌሚንግን ከዩሲኤልኤ፣ ካዴሻ ቡካናንን ከዌስት ቨርጂኒያ አግኝታለች። ጃማይካ ኻዲጃ ሾን ከቴነሲ፣ ናይጄሪያ ኦንዪ ኤቼጊኒን ከፍሎሪዳ ስቴት አግኝተዋል። የራሳቸው የሴቶች አካዳሚ ለሌላቸው አገሮች ይህ ሻምፒዮና በአሜሪካ ወጪ የተገነባ መፍለቂያ ሆኖላቸዋል። የሥርዓቱን ጥቅም በአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ውጤት ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ያሳንሳል።

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ናኦሚ ግርማ ናት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በሳን ሆዜ ካሊፎርኒያ የተወለደችው ናኦሚ ኳስ የጀመረችው የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ባቋቋሙት ማለዳ በተባለ የልጆች መጫወቻ ነው። ስታንፎርድ ገብታ በ2019 የቡድኑ አምበል ሆና በራሷ ከተማ በተካሄደው ፍጻሜ ሰሜን ካሮላይናን 0 ለ 0 ከተለያዩ በኋላ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸነፈች። በ2022 የሊጉ ድራፍት የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሆነች፤ በጥር 2025 ደግሞ ቼልሲ ለሳን ዲዬጎ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰዳት፤ በሴቶች እግር ኳስ የዝውውር ዋጋ ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር። የዓለም ውዷ ተከላካይ አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ መቆየቷ ኮሌጅ ተጫዋችን ያዘገያል ለሚለው ክርክር ቀላል የማይባል እንቅፋት ነው። አንድ ተጫዋች ሥርዓትን አታረጋግጥም፤ ቢሆንም የእሷ መንገድ ሌላም ነገር ይጠቁማል። የአሜሪካ የታዳጊ እግር ኳስ በአብዛኛው ለክለብ ብዙ መክፈልን ይጠይቃል፤ የኮሌጅ ቡድኖች አባላትም በአብዛኛው ነጭና ከመካከለኛው መደብ ቤተሰብ የወጡ ተጫዋቾች ናቸው። ማለዳን የመሰለ የማኅበረሰብ መነሻ ያላት ተጫዋች እዚያ መድረሷ በሩ እንዳልተዘጋ ያሳያል፤ ስንቶች ግን በክፍያው ምክንያት በር ላይ እንደቀሩ አይነግረንም።

የዚያ የ2019 ፍጻሜ ሌላም ትዝታ አለ። በመለያ ምቱ ሁለት ኳስ ያዳነችው የስታንፎርዷ ግብ ጠባቂ ኬቲ ሜየር በ2022 ገና ተማሪ ሳለች ሕይወቷ በገዛ እጇ አለፈ። ናኦሚ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ስለ ጓደኛዋ ጽፋ ለአእምሮ ጤና የቆመውን ዘመቻ ለእርሷ መታሰቢያ አደረገች። ካሊፎርኒያም በ2024 በስሟ በተጠራ ሕግ የዲሲፕሊን ክስ የሚቀርብበት ተማሪ አማካሪ እንዲኖረው ደነገገች። ተማሪና ተጫዋች መሆንን በአንድ ላይ የምትሸከም ወጣት ምን ያህል ጫና እንዳለባት የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከዳር ወጥቶ መሐል ገብቷል።

ገንዘቡ ሲመጣ

ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪ ስፖርተኞች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት አንዲት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በኤንሲኤኤ ሻምፒዮና የሴቶቹን የክብደት ማንሻ ክፍል ከወንዶቹ ጋር አነጻጽራ ያሰራጨችው ቪዲዮ ኤንሲኤኤን በውጭ የሕግ ባለሙያዎች እንዲመረመር አስገደደው፤ ምርመራው ልዩነቱ ከአንድ ውድድር የሰፋ የአሠራር ችግር መሆኑን አረጋገጠ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ስፖርተኞች ኤንሲኤኤን በከሰሱበት ጉዳይ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በሰኔ 2025 ባጸደቁት ስምምነት ነው። ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። በሴቶች እግር ኳስ የነበረው የ14 ስኮላርሺፕ ገደብ ተነሥቶ በምትኩ ወደ ስምምነቱ ለገቡ ዩኒቨርሲቲዎች የቡድን ቁጥር በ28 ተወሰነ። ተስፈኞች እስከ 28 ሙሉ ስኮላርሺፕ የመስጠት ዕድል ተከፈተ ይላሉ። ተጠራጣሪዎች ደግሞ ሁለት ነገር ያነሣሉ፦ ከ30 በላይ ተጫዋች ይዘው የነበሩ ቡድኖች ያለ ስኮላርሺፕ የሚጫወቱትን ልጆች ማሰናበት ነበረባቸው፤ በቀጥታ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ አብዛኛው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሄዳል።

ሁሉም የሚያርፈው በአንድ የሕግ ነጥብ ላይ ነው፦ ኮሌጅ ለተጫዋች የሚከፍለው ገንዘብ በታይትል ናይን ሥር እንደ ስኮላርሺፕ በጾታ መመጣጠን አለበት ወይስ እንደ ገበያ ዋጋ ነጻ ነው? በጥር 2025 ሥልጣን ሊያስረክብ የተዘጋጀው የባይደን አስተዳደር የትምህርት ሚኒስቴር ክፍያው መመጣጠን አለበት የሚል መመሪያ አወጣ፤ የትራምፕ አስተዳደር በሚቀጥለው ወር ሰረዘው። በስምምነቱ ላለፉት ዓመታት ለስፖርተኞች እንዲከፈል በተወሰነው 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ላይም ክፍፍሉ ሕጉን ይጥሳል ያሉ ሴት ስፖርተኞች ይግባኝ ጠየቁ፤ ክፍያውም በዚህ ምክንያት ዘገየ። ሰሜን ካሮላይና፣ ፍሎሪዳ ስቴትና ስታንፎርድ ለእግር ኳስ ቡድናቸው ከጣሪያው ስንቱን እንደሚመድቡ የሚነግራቸው ደንብ የለም፤ የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ነው፣ በጀቱንም የሚያወጣው የፉትቦሉን ድርሻ ካሰላ በኋላ ነው።